ወረርሽኝ ቤት ሲያስቀምጥ፦ ኪነጥበብን ከሐዋሳ ሆኖ በኢንተርኔት ለመከታተል የትኛው አማራጭ ይሻላል?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ሰው የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶች እንዲቆሙ ሲያስታውቅ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ከቀናት በፊት አዳራሹን የዘጋው የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በዚያው ዕለት ቀድሞ የቀረጻቸውን ትርኢቶች በየምሽቱ በነፃ በኢንተርኔት መልቀቅ ጀመረ። መጋቢት 24 ቀን የለንደኑ ናሽናል ቲያትር በዩቲዩብ ተከተለው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራም በክፍያ ይታይ የነበረውን የኮንሰርት ማኅደሩን ለአንድ ወር በነፃ ከፈተ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው የሙዚየም፣ የኦፔራና የኮንሰርት ዝርዝር በየቀኑ ይረዝም ነበር።

አቶቴ ወይም ዳቶ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ዝርዝሩ ብቻውን ብዙ አይረዳም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በያዝኩት ፓኬጅ ስንት ሰዓት አያለሁ? መብራት ሲጠፋስ? እናቴም ልጆቼም የሚወዱት የትኛውን ነው? ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ፣ ወይም ቤት ውስጥ ታማሚ ኖሮ መውጣት ባይቻል፣ መልሱ ያስፈልጋል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ምን እንደሚያዩ ከመምረጥዎ በፊት በምን መንገድ እንደሚደርስዎ ይምረጡ። ስሙ የገነነ ትርኢት በየአምስት ደቂቃው እየቆመ ከሚታይ፣ ያለችግር የሚደመጥ ትረካ ይበልጣል።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው ዳታ ነው። ቪዲዮ በ360 ፒ ጥራት በሰዓት 300 ሜጋ ገደማ፣ በ480 ፒ 500 ሜጋ ገደማ፣ በ720 ፒ ደግሞ ከ1 ጊጋ በላይ ይበላል። ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚላክ ስርጭት በሰዓት 29 ሜጋ አይሞላም። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት የሚያይ ሰው ወሩ ሲደመር በ480 ፒ 30 ጊጋ፣ በ360 ፒ 18 ጊጋ ይጨርሳል። ያንኑ ሁለት ሰዓት በድምፅ ያሳለፈ ግን 2 ጊጋ አይሞላበትም። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ምክሮች አብዛኞቹ ከዚህ ሒሳብ የሚነሡ ናቸው።

ሁለተኛው ሲቋረጥ ምን እንደሚቀር ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክም ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲይዝ ይደክማል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ደግሞ ወረርሽኙ ገና እየተስፋፋ ሳለ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ስልኩ ላይ አስቀድሞ ያወረደ ሰው የሚያየውና የሚሰማው ነበረው። ስለዚህ አንድን አማራጭ ስንመዝን “ማውረድ ይቻላል ወይ?” ብለን እንጠይቃለን።

ሦስተኛው አከፋፈሉ ነው። ዋጋው ርካሽ ሆኖም በብር ወይም በቴሌብር የማይከፈል ከሆነ ለብዙው ሰው የለም ማለት ነው።

አራተኛው ቋንቋና የቤቱ ሰው ነው። አማርኛ ብቻ የሚሰሙ አያት፣ ሲዳሙ አፎ የሚቀናቸው ጎረቤት፣ እንግሊዝኛ እየተማረ ያለ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ብርቅ ነው።

አምስተኛውን ብዙ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሌሎቹ አላሳንሰውም። ጥቅሙ ለባለሙያው ይደርሳል ወይ? ሲኒማና ቲያትር ቤት ሲዘጋ ተዋናዩ፣ ድምፀኛው፣ መብራት የሚይዘው ልጅ ሁሉ ከገቢው ተነጥሎ ነው ቤቱ የተቀመጠው። ቤት ውስጥ ያጽናኑንን ሰዎች ሥራ ሰርቆ ማየት እነሱን ሁለተኛ መጉዳት ነው።

ትረካ፣ ሬዲዮና ሌላ የሚደመጥ ነገር

ከሁሉ በፊት ይህን ያነሣሁት ለሐዋሳ ቤት ከሁሉ የሚበልጥ ስለሚመስለኝ ነው። የእኛ አገር አድማጭ ልቦለድ በሬዲዮ ሲተረክ እየሰማ ያደገ ነው፤ ጥሩ ተራኪ አንድን መጽሐፍ ለቤተሰብ ሁሉ እንዴት እንደሚያደርስ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ያ ልማድ አሁን ወደ ዩቲዩብ፣ ወደ ቴሌግራምና ወደ ኦዲዮ መጽሐፍ መተግበሪያዎች ተሻግሯል።

ዳታው ትንሽ ነው፣ በቀላሉ ይወርዳል፣ መብራት ቢጠፋም፣ ከነፃው ዩቲዩብ በስተቀር፣ የስልኩ ስክሪን ጠፍቶ ስለሚሠራ ባትሪ ይቆጥባል። ቡና እየቆሉ፣ ልብስ እያጠቡ፣ ሕፃን ታቅፈው ይሰማል። ተኝቶ ለሚታከም ሰውም ይስማማል፤ ትኩሳት ያደከመው ዓይን ስክሪን አይችልም፣ ጆሮ ግን ታሪክ ይከተላል። ስልክዎ ኤፍኤም ሬዲዮ ካለው ደግሞ ባለገመድ ኤርፎን መሰካት ብቻ ነው፤ ገመዱ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ምንም ዳታ ሳይነካ ሬዲዮውን ይሰማሉ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ የሚሰማ ትረካ ምስሉ አንድ ፎቶ ቢሆንም ቪዲዮ ነው፤ ጥራቱን ወደ 144 ፒ ማውረድ ይገባል፤ ድምፁ ብዙም አይጎዳም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ብዙ ቻናሎች የሰው ሥራ ሳያስፈቅዱ የሚጭኑ ናቸው። ተራኪው ወይም አሳታሚው ራሱ የከፈተውን ፈልገው ይከተሉ፤ ብዙ ጊዜ በትረካው መጀመሪያ ላይ ይነገራል።

ዩቲዩብ፦ የአማርኛ ፊልም፣ ቲያትርና ሙዚቃ

ለቤተሰብ በአንድነት ለማየት ከኢንተርኔቱ ወገን ቀዳሚው ይህ ነው። በሲኒማ ቤት ዘመናቸውን የጨረሱ የአማርኛ ፊልሞች ሙሉ በሙሉ ተጭነው ይገኛሉ፤ ተከታታይ ድራማ፣ የድሮ የመድረክ ሥራ፣ የሲዳሙ አፎ፣ የወላይትኛ፣ የኦሮምኛ ዘፈን እንዲሁ። ክፍያ የለውም፣ ቋንቋው የራስ ነው። በአምራቹ ወይም በዘፋኙ ገጽ ላይ ሲያዩት ዕይታው ለባለቤቱ ይቆጠራል። አንድ ፊልም በሦስት በአራት ገጽ ተጭኖ ካገኙ የአምራቹ ስም ያለበትን ይክፈቱ።

ችግሩ ዳታ ነው። በስልክ ስክሪን 360 ፒና 720 ፒ ብዙ ልዩነት የላቸውም፤ ቴሌቪዥን ላይ ካገናኙ 480 ፒ ይበቃል። የማውረጃ ምልክት ያለበትን ቪዲዮ በሌሊት ጥቅል አውርዶ በማግሥቱ ማየት ከሁሉ ያዋጣል። የሌሊት ጥቅል *999# ላይ ይገኛል፤ ከመግዛትዎ በፊት የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ያንብቡ፤ ቀን ላይ አይሠራም።

ሙዚየምና ብራና

ከውጭ ከመጡት ነፃ ነገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ነፃ ሆኖ የዘለቀውና ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው ይህ ነው። ጉግል አርትስ ኤንድ ካልቸር በ2003 ተጀምሮ በብዙ አገር ያሉ ሙዚየሞችን አዳራሽ በስልክ ያስጎበኛል። የፓሪሱ ሉቭር በመጋቢት 2013 ከ480 ሺህ በላይ ቅርሶቹን በኢንተርኔት ዘርግቷል። የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም ደግሞ በዚያው በወረርሽኙ መሐል፣ በግንቦት 2012፣ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን የሌሊት ዘብ ሥዕል በ44.8 ቢሊዮን ፒክስል አንሥቶ ለቀቀ፤ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ይህን ያህል ግዙፍ ምስል ፓኬጅ የሚጨርስ ሊመስል ይችላል። ምስሉ በትናንሽ ቁራጭ ስለተከፋፈለ ግን የሚወርደው ያጎሉት ክፍል ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ሌላ ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2009 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎቹን ማንም አውርዶ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል፤ ከእነሱ መካከል በአገራችን ሠዓሊዎች የተሣሉ የብራና ወንጌልና ሥዕለ ቅዱሳን አሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተመጻሕፍት ደግሞ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን በድረገጹ ያስነብባል፤ በነፃ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግዕዝ የሚያነቡ አባት ወይም ሥዕል የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ከዚህ የሚያገኘውን ከየትም አያገኝም። በአካል ቢሄዱ እንኳ እነዚያን ገጾች ማንም እንዲህ እየገለጠ አያሳይዎትም።

ደካማ ጎኑ አዳራሽ ለአዳራሽ የሚያዞረው ጉብኝት ነው። አሮጌ ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ኔትወርክ ሲደክም መሐል ላይ ይደርቃል፣ ልጆችንም ቶሎ ያሰለቻል። አንድ ሥዕል መርጦ አጉልቶ ማየት፣ ከዚያ ልጁ ራሱ እንዲሥለው ማድረግ ይሻላል። ጽሑፉ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነም አጠገቡ የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል።

የውጭ መድረክ፦ ኦፔራ፣ ቲያትር፣ ኦርኬስትራ

በ2012 በነፃ የነበረው አብዛኛው ዛሬ በክፍያ ነው። የናሽናል ቲያትር ነፃ ሳምንታዊ ትርኢት በክረምቱ አበቃ፤ ከኅዳር 2013 ጀምሮ የራሱን የክፍያ መድረክ ከፈተ። የበርሊኑም ወደ ክፍያው ተመልሷል። ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ በሮቹ እንደገና ቢከፈቱ ግን ሁለት ነገር አይርሱ።

አንደኛው ሰዓት ነው። የኒው ዮርኩ ኦፔራ ይለቀቅ የነበረው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን እስከ ማግሥቱ ሌሊት ይቆይ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ መጠበቅ አልነበረበትም፣ ጠዋት ማየት ይቻል ነበር። የለንደኑ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ይቆይ ነበር። “ላይቭ” የሚለውን ቃል አይተው ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት አይታገሉ፤ የሚቆይ ከሆነ የተረጋጋ ሰዓት ይጠብቁ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ኦፔራ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ በጣሊያንኛ ወይም በጀርመንኛ የሚዜም፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ነው። ታሪኩን ቀድሞ አንብቦ አንድ ገቢር ብቻ ማየት ለጀማሪ በቂ ነው። ኦርኬስትራ ግን ቃል ስለሌለው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ደህና ኤርፎን ካለዎት ስክሪኑን ዘወር አድርጎ መስማት ብቻ ይበቃል። እኔ ከሦስቱ ለሐዋሳ አንባቢ አንዱን ምረጥ ብባል ኦርኬስትራውን እመርጣለሁ።

የሚከፈልባቸው የፊልም አገልግሎቶች

ኔትፍሊክስ በአገራችን መከፈት የጀመረው በታኅሣሥ 2008 ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ፊልም አውርዶ ያለኔትወርክ ማየት ይቻላል፣ በስልክ የዳታ ቆጣቢ ማስተካከያው ላይ ከተደረገም በ1 ጊጋ ስድስት ሰዓት ገደማ ያሳያል፤ ይህ ከዩቲዩብ 360 ፒ ያነሰ ፍጆታ ነው። እንቅፋቱ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው፤ ለዚያ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ባለ ወንድም ወይም እህት አካውንት መጠቀምም ከ2015 ወዲህ ጠብቋል፤ ኩባንያው በአንድ ቤት የማይኖሩ ሰዎች እንዳይጋሩ እየከለከለ ነው። በአማርኛ የሚታይ ነገር ፈልጎ ለሚገባ ቤተሰብም የሚሆነው የለም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ለሚሰማ ወጣት፣ ካርዱም ካለ፣ አንድ ወር ከፍሎ በደንብ አይቶ ማቆም ይቻላል።

ዲሽና ፍላሽ

ሁለቱ ኦንላይን አይደሉም፤ ግን ሰው የሚያወዳድረው ከእነሱ ጋር ስለሆነ ልለፋቸው አልቻልኩም። ዲሽ ወደ ኢትዮሳት ዞሮ አንዴ ከተተከለ ወርኃዊ ክፍያም ዳታም የለውም፤ ድራማውም ሙዚቃውም ለቤት ሁሉ ነው። መብራት ከሌለ አይሠራም፣ ከባድ ዝናብ ሲጥልም ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ የፈለጉትንም በፈለጉት ሰዓት አያሳይም።

ፊልም በፍላሽ ማስጫን ርካሽ ነው፤ በአምስተኛው መለኪያ ግን ይወድቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ባለሙያው ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ወር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ይህን አማራጭ አልመክርም።

አብሮ መሰብሰብ በስልክ

ኪነጥበብ ማየት ብቻ አይደለም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር፤ ጉዱማሌ ላይ ሺዎች የሚያከብሩት፣ እንደ ሲዳማ ዘመን መለወጫው ፍቼ ጨምባላላ ያለ ዓውደ በዓል ለእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ያህል የሚከብድ እንደሆነ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል። በዓሉ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በኅዳር 2008 ሲሆን በድርጅቱ ገጽ ላይ ፎቶና ፊልሙ አለ። ለልጆች እሱን እያሳዩ፣ አያት በስልክ ገብተው የሚያውቁትን ሲያወሩ መስማት ይቻላል።

ለዚህ የሚያዋጣው የድምፅ ስብሰባ ነው። ቴሌግራም ቡድን ውስጥ የድምፅ ውይይት የጀመረው በታኅሣሥ 2013 ነው፤ ግጥም የሚያነቡ ወዳጆች፣ ክራር የሚጫወት ጓደኛ፣ ተረት የሚያወሩ አያት በአንድ ይገናኙበታል። በዙም በቪዲዮ ከሆነ ግን ብዙ ሰው ያለበት ስብሰባ በሰዓት ከ800 ሜጋ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ነፃው አገልግሎት ደግሞ ከ40 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ሰላምታ ሲሰጣጡ ካሜራ ከፍቶ፣ ግጥሙ ሲጀመር መዝጋት ጥሩ መላ ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ዳታ በሰዓት | ቢቋረጥ | አከፋፈል | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ትረካና ሬዲዮ በኢንተርኔት | 30–60 ሜጋ | ከወረደ ችግር የለውም | በአብዛኛው ነፃ | ለሁሉም፣ በተለይ ለአረጋውያንና ለታማሚ |
| ኤፍኤም በስልክ | የለም | መብራት አይፈልግም | ነፃ | ለሁሉም |
| ዩቲዩብ በ360 ፒ | 300 ሜጋ ገደማ | ከወረደ ይታያል | ነፃ | ለቤተሰብ |
| ሙዚየምና ብራና | ከቪዲዮ ያነሰ | ምስሉን ማውረድ ይቻላል | ነፃ | ለተማሪ፣ ለሠዓሊ፣ ለግዕዝ አንባቢ |
| የውጭ ኦፔራ፣ ቲያትርና ኦርኬስትራ | 500 ሜጋ እና ከዚያ በላይ | ይቆማል | አሁን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ | ዋይፋይ ላለው |
| ኔትፍሊክስ በቆጣቢ | 170 ሜጋ ገደማ | ከወረደ ይታያል | በውጭ ምንዛሪ | እንግሊዝኛ ለሚሰማ |
| ዲሽ | የለም | መብራት ይፈልጋል | የተከላ ወጪ ብቻ | ለቤተሰብ |
| የድምፅ ስብሰባ | ከቪዲዮ በብዙ ያነሰ | ይቆማል | ነፃ | ለወዳጆች |

እንደ ኪስዎና እንደ ቤትዎ

ኢንዱስትሪ ፓርክ እየሠሩ አንድ ክፍል በጋራ የተከራዩ እህቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ የምመክረው ኤፍኤምና የወረደ ትረካ ነው፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ሌሊት በአንዷ ስልክ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ አንድ ፊልም ማውረድ፣ እሁድ አብሮ ማየት። ወጪው ለሁሉም ሲካፈል ትንሽ ነው።

ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤት ዲሹን መሠረት አድርጎ ዩቲዩቡን ይጨምርበት። በየቀኑ ሦስትና አራት ሰዓት ቪዲዮ የሚታይ ከሆነ በፓኬጅ መግዛቱ አያዋጣም፤ ግቢውን ከሚጋሩት ጎረቤቶች ጋር ተስማምቶ የቤት ዋይፋይ ማስገባት ይሻላል። ዋይፋይ የማይደርስበት ሰፈር ከሆነ ሁለት ሲም ማሰብ ይቻላል፤ ከ2015 ጀምሮ ሳፋሪኮምም ስላለ የትኛው እዚያ ሰፈር ማታ ማታ እንደሚሻል ጎረቤትን ጠይቆ መግዛት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶበት ቤት የተመለሰ ተማሪ ብራናዎቹንና ሙዚየሞቹን አይለፋቸው። ዳታ አይፈጁም፣ ለወራት የሚበቃ ነገር አላቸው፣ የሥዕልም የታሪክም ትምህርት ይሆኑታል። ኦርኬስትራ በድምፅ ሊጨምርበት ይችላል።

ቤት ውስጥ ለብቻው ተለይቶ የሚታከም ሰው ካለ አንድ ስልክ ለእሱ ብቻ ይመደብ። አስቀድሞ አሥርና አሥራ አምስት ሰዓት የሚሆን ትረካ፣ የሚወደውን መዝሙር ወይም ዘፈን፣ የልጆቹን ድምፅ ጭነው ከኤርፎንና ከተሞላ ፓወር ባንክ ጋር ይስጡት። ማታ ላይ ቤተሰቡ ከሳሎን፣ እሱ ከክፍሉ ሆኖ በድምፅ ውይይት አንድ ክፍል ትረካ በአንድነት ይስሙ።

ማንኛውንም ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት ቴሌግራም ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚያወርደውን ማስተካከያ ያጥፉ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን የሚያስከትለውን ይዝጉ፤ ጥራቱንም በሞባይል ዳታ 360 ፒ ላይ ያቁሙት። መተግበሪያዎች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ ያድርጉ። ልጆች የሚይዙት ስልክ ካለም ይህንኑ እዚያ ይድገሙት፤ ጊጋው ሳይታይ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በእሱ በኩል ነው።